ለቅሶ ደርሰህ ያመጣሃት መኪና

ለውዴ ለአበጀ፣

እንዴት ነህ አልልህም፤ ያለህበትን ፈጣሪህ ያውቀዋል። እኛ ደህና ነን። ከተለየኸን ክረምቱ አልፎ በጋው መጣ፤ ሙት ዓመትህም እየቀረበ ነው። ጥቁሬን አላወለቅሁም። ትልቋ ልጅህ ትምህርቷን ጨርሳ አንተ በነበርህበት ፋብሪካ ተቀጥራለች። የትንሹ ድምፅ ጎርንኖ ያንተን መስሏል፤ ከጓዳ ሆኜ ሲጣራ ስሰማው እደነግጣለሁ።

ቮልሷ ግን ካቆምሃት ቦታ፣ ከማንጎው ሥር፣ አልተነቃነቀችም። ጎማዎቿ ተንፍሰዋል፤ ዶሮዋም የኋላውን ወንበር ይዛ እንቁላል ትጥልበታለች። ታመህ ሳለህ ልሽጣት ብለህ ለሰው መናገርህን ስሰማ ተቀይሜህ ነበር። አሁን ልጆቹ ያንኑ ሲሉኝ እቆጣለሁ። መንዳት አልችልም፤ ጠዋት ጠዋት ወጥቼ ወንበርህን ማየት ግን ለምጃለሁ። የምጽፍልህም ስለ እሷ ነው።

ልንገዛት የሄድንበት ቀን ትዝ ይልሃል? ዓባይ ማዶ ግራዝማች ታፈረ የሚባሉ ሰው መኪናቸውን ይሸጣሉ ብለውህ፣ አንተ ከረባትህን አስረህ፣ እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ ድልድዩን ተሻገርን። የታመመች እናቴን ከመንደሯ ከሰባታሚት ወደ ሐኪም ቤት የምናመላልስበት አጥተን ልባችን ተንጠልጥሎ ነበር። በራቸው ላይ ስንደርስ ድንኳን ተተክሏል። ግራዝማች ሌሊቱን አርፈዋል። እኔ እንመለስ ብዬ እጅህን ጎተትሁ። አንተ ለቅሶ ቤት ደርሶ ያልገባ ሰው ምን ይባላል ብለህ ገባህ።

ገብተህስ ዝም ብለህ ብትቀመጥ ምን ነበረበት! የአባትህ ሞት ትዝ ብሎህ ስታነባ አልቃሿ አንተን አይታ ድምጿን ጨመረች። በምን ትተዋወቁ ነበር ሲሉህ አንገትህን ደፋህ፤ ኀዘን ጸንቶበት ነው ብለው ተዉህ። ወደ ቀብር ሲሄዱም ከተሸካሚዎቹ አንዱ ሆንህ። አንድ ቀን ታይቶ መቅረት ነውር ነው ብለህ ለሠልስቱ ተመለስህ፤ ለአርባውም ዳቦ ደፍቼ አብረን ሄድን። መኪናዋ ከጓሮ ቆማለች፤ አንተ ወደዚያ ላለማየት አንገትህ እስኪደነዝዝ ፊትህን ታዞራለህ። አንዳንዴ በሆዴ እስቃለሁ፣ አንዳንዴ እበሽቃለሁ። እናቴ በሰው በቅሎ ትንገላታለች፤ አንተ የማታውቀውን ሰው ታለቅሳለህ።

በአርባው ዕለት እንግዳው ሲበተን ባለቤታቸው እማማ ጥሩነሽ ወደ ጓሮ ጠሩንና መኪናዋን ለባዳ ከምሸጣት ለወዳጁ ብትሆን እወዳለሁ አሉ። ላብህ በከረባትህ ላይ ወረደ። ግራዝማችን በሕይወት ሳሉ አይቻቸው አላውቅም፣ የመጣሁት መኪና ልገዛ ነበር ብለህ እውነቱን አወጣኸው። አለቀልን አልሁ። እሳቸው ግን ከመጀመሪያው ቀን አውቀው ኖሯል፤ ከአንዲት መኪና እንዲህ የሚሸሽ ዓይን አይቼ አላውቅም አሉን። መኪና ሊገዛ መጥቶ ባሌን ተሸክሞ የቀበረ ሰው ዘመዴ ነው ብለው ሸጡልን። አንድ ነገር ብቻ ለመኑህ፤ በየዓመቱ የግራዝማች መታሰቢያ ሲደርስ በዚያችው መኪና ወደ መቃብራቸው እንድትወስዳቸው። ቤንዚን በኩፖን በሆነ ጊዜ እንኳ ከድርሻችን እየቆጠብህ፣ እሳቸው እስኪያርፉ አንድም ዓመት አላጓደልህባቸውም።

አሁን የኔን ስማኝ። ያንተ ለቅሶ ላይ አንድ የማላውቀው ሰው ነበር። መምህር መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። ኮቱን ለብሶ ከድንኳኑ ጥግ ሲያነባ የፋብሪካ ባልደረባህ መሰለኝ። ሲሸከሙህም ትከሻውን ሰጠ። ለሠልስትህ መጣ፣ ለአርባህ መጣ፤ ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር ብቅ ብሎ ይጠይቀናል፤ አጥሩ የወደቀ ጊዜ ከልጅህ ጋር ሆኖ አቆመው። ወደ ማንጎው ሥር ግን አንድም ቀን አይቶ አያውቅም። እንዲህ የሚሸሽ ዓይን የት እንዳየሁ ትዝ ያለኝ ትናንት ነው። ብቻዬን ሳቅሁ። ከሄድህ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም፤ በኋላ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረብኝ።

ዛሬ ሲመጣ እኔው ራሴ ወደ መኪናዋ ወሰድሁት። እንዳንተው ላብ አጠመቀው። ልሽጣት ማለትህን ሰምቶ ሊገዛ ቢመጣ ድንኳን እንዳገኘ፣ ከዚያ ወዲያ ማንሣቱን እንዳፈረ ነገረኝ። እግሯ አልታዘዝ ያላት ሚስት አለችው። ቁልፉን ከመቀነቴ ፈትቼ ሰጠሁት። እጄ ግን ቶሎ አልለቀቀውም፤ ይህን አልደብቅህም።

እኔም አንድ ነገር ብቻ ለመንሁት፤ ምን እንደሆነ አንተ ታውቀዋለህ። ለሙት ዓመትህ፣ ከዚያም በኋላ ዕድሜ እስከሰጠኝ በየዓመቱ እመጣለሁ። የቮልሷን ድምፅ ስትሰማ እኔ ነኝ። በወንበርህ ሌላ ሰው ተቀምጦ ብታይ አትቀየመው፤ አንተንም ተሸክሞሃል። እኔ ከጎን፣ ከዱሮው ቦታዬ ነኝ።

ያንተዋ የሺ