እንትፍ በይባት

ሰኞ

አበድኩ! ከትምህርት ቤት ስመለስ የብርቄ አንገት ላይ ክታብ ታስሮ አገኘሁ። አማቴ ናቸው፣ ሌላ ማን ይሆናል። ልጄን ከትናንት ጀምሮ ትኩሳት ይዟታል፣ ጡትም እምቢ ብላለች። እማማ ጥሩነሽ ግን በሽታውን አውቀውታል፦ «አለሚቱ በልታታለች።»

አለሚቱ ከወለቃ ሸክላ የምታመጣልን ቤተ እስራኤል ናት። ሐሙስ ዕለት ድስት ይዛ መጥታ ብርቄን አየቻትና «ሸጋ ልጅ!» አለች። ይኸው ነው ወንጀሏ። በሠራችው ድስት ወጥ እየበሉ ዓይኗን ይፈራሉ! ይህንኑ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። አስረስ፣ የተማረው ባሌ፣ ጋዜጣውን ገለጠ።

ክታቡን በመቀስ ቆረጥኩት።

ማክሰኞ

ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሳንባዋ ነው። መርፌ ተወጋች፣ ነገም ከነገ ወዲያም አምጫት አሉኝ። ድሬሰሩ «ታገሺ፣ መድኃኒት በአንድ ቀን አይሠራም» አለኝ። ልክ ነው። እኔም ተማሪዎቼን የማስተምረው ይህንኑ ነው፦ ቡዳ የሚባል ነገር የለም፣ በሽታ የሚመጣው ከጀርም ነው።

ቤት ስንገባ እማማ ጓዳውን በጭስ አፍነውታል። ሳንባዋን ለታመመች ልጅ ጭስ! ጮኽኩባቸው። «ምነው ልጄ፣ ለኔስ የልጅ ልጄ አይደለችም?» ብለው አለቀሱ። አላዘንኩላቸውም።

ረቡዕ

ትንፋሿ ያጥራል። ከዛሬው መርፌ በኋላም ለውጥ የለም።

«የበላቻት ራሷ ስትተፋባት ይለቃታል» ተብሎ፣ አስረስ ሳይነግረኝ ሁለት ሰው ወለቃ ልኮ አለሚቱን አስመጣት። ደጃፉ ላይ ቆመች፣ ሰዎቹ ከኋላዋ። ከሁላችን መርጣ እኔን አየችኝ። «እሜቴ፣ እኔ ምን አደረግሁ?»

«እንትፍ በይባትና ሂጂ» አላት አስረስ።

እምቢ ብትል ልጅቱ እንድትሞት ፈለገች ይሏታል። ብትተፋ ቡዳነቷን አመነች ይሏታል። ብርቄ እኔ እጅ ላይ ነበረች። ማንም አልነጠቀኝም። ዘርግቼ የሰጠኋት እኔ ነኝ። «እንትፍ በይባት» አልኩ፣ በገዛ አፌ።

አፏ ደርቆ ምራቅ አልወጣትም። ድምፁን ብቻ አሰማች፣ ሄደች።

ሐሙስ

ትኩሳቱ ለቀቃት! ጠባች! ተመስገን።

«አየሽ?» ይላሉ እማማ። መርፌው ነው እላለሁ፣ ማን ሰምቶኝ።

ቆይ፣ እኔስ ምን አጠፋሁ? የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ሰዎቹን ለማብረድ ብዬ ነው፣ አምኜበት አይደለም። እንትፍ ማለት ማንን ገደለ? ደግሞስ እሷ ምነው ዝም ብትል? አገሩን ታውቀው የለም? የሰው ልጅ ሲያሞግሱ «ከዓይን ያውጣሽ» ይባላል። አፏን ብትሰበስብ ኖሮ እኔም እዚህ ውስጥ አልገባም ነበር።

ይህን ጽፌ መልሼ አነበብኩት። የአማቴ ድምፅ ነው።

ዓርብ

ክፍል ውስጥ አንዷ ተማሪ እጇን አወጣች። «እትዬ፣ ልጅዎን ቡዳ በልቷት ምራቅ አዳናት ይባላል። እውነት ነው?»

ጮኽኩባትና አስወጣኋት። ምን አጠፋች? ምንም። በሩን ስትዘጋ ታለቅስ ነበር፣ እኔም ንዴቴ ባሰ። አስረስ ማታ «አለፈ እኮ፣ ምን ያነጫንጭሻል?» አለኝ። እሱ እንቅልፉን ይተኛል። ቢያንስ ያመነበትን ነው ያደረገው።

እሑድ

ቅዳሜ ሰንበታቸው ስለሆነ ዛሬን ጠበቅሁ። ከቅዳሴ መልስ ብርቄን ይዤ ወለቃ ሄድኩ። አለሚቱ ደጇ ላይ ተቀምጣ ጭቃ ታሻለች።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አልኳት።

ቀና አላለችም። «ባልዎና አማትዎስ ልማዳቸው ነው፣ እሜቴ። እርስዎ ግን ቡዳ የለም ይሉኝ ነበር። ሳያምኑ እንዴት ሰጡኝ?»

«ድናለች፣ እያት» አልኩ።

«አላይም። ነገ ብታስል እኔ ነኝ።»

ለመንኳት። እዚያው መሬቱ ላይ ቁጭ ብዬ ለመንኳት። በመጨረሻ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ቀና አለች። ብርቄ ሳቀችላት፣ እሷም ልትስቅ ከንፈሯ ተላቀቀ።

ያኔ እጄ፣ እኔ ሳላዘው፣ ነጠላዬን ስቦ የልጄን ፊት ሸፈነ።

አለሚቱ አይታለች። ወደ ጭቃዋ ተመለሰች።

መንገዱን ሁሉ ስሳደብ መጣሁ። አስረስን አልነበረም፣ አማቴንም አልነበረም፤ ያን እጄን ነበር።