ኤልፍነሽ ያራገፈችው አቧራ

ማርች 9፣ 1987
አዲስ ሥራ ጀመርኩ። ከትምህርት ቤቶች ጣሪያ አስቤስቶስ የሚሉትን የድሮ ሙቀት መከላከያ መንቀል። ዛሬ ትሬኒንግ ብቻ ነበር። ጭምብል፣ የወረቀት ቱታ፣ ሲወጡ ሻወር... ለአቧራ ይሄ ሁሉ? ሚስቴ ኤልፍነሽ አሁንም ታስላለች። ጉንፋን ነው ትላለች። ሦስት ወር ሙሉ ጉንፋን?

ማርች 11
አሠልጣኙ፣ «የሥራ ልብስ ቤት እንዳይገባ» አለ። ብናኙ በዓይን አይታይም። የሳንባ ሽፋን ላይ ተሰክቶ ሠላሳ፣ አርባ ዓመት ይቀመጣል፤ ከዚያ ካንሰር። «ልብስ ያጠቡ ሚስቶችም ታመዋል።»
አገር ቤት ሳለን፣ የዛሬ ሠላሳ ዓመት፣ ምጽዋ፣ መርከብ ጥገና... የእንፋሎት ቧንቧ የምንለስንበት ነጭ ዱቄት። በእጃችን ነበር የምናቦካው። አለቃው «ምንም አይልም» ይለን ነበር። ማታ ወፍጮ ቤት የዋልኩ መስዬ እገባለሁ፣ ሚስቴ ቱታዬን በር ላይ ታራግፋለች። ስምንት ዓመት።
ያ ዱቄት አስቤስቶስ ኖሯል።

ማርች 24
ሐኪም ቤት። ከኤልፍነሽ ደረት ሁለት ሊትር ውሃ ቀዱ። ልጃችን ትዕግስት ታስተረጉማለች።
«አስቤስቶስ ያለበት ቦታ ሠርተሽ ታውቂያለሽ ወይ ይላል።»
ኤልፍነሽ ሳቀች። «እኔ? ከቤቴ መቼ ወጥቼ!»
ስለ ቱታዬ አልተናገርኩም። ለምን ዝም አልኩ?

ኤፕሪል 2
ሜሶቴልዮማ ነው አሉ፣ ያ የሳንባ ሽፋን ካንሰር። መድኃኒት የለውም።
ትዕግስት ፓርኪንጉ ላይ፣ «ዳዲ፣ ከየት መጣ? ሜክ ሴንስ አያደርግም» አለች። ነገርኳት። ስማይርና፣ ቤታችን እስክንደርስ ዞራ አላየችኝም።
ለሥራው ያነሱኝ ኤክስሬይም ዛሬ ደረሰ። ንጹሕ። እኔ ያቦካሁት ንጹሕ!

ኤፕሪል 5
ለኤልፍነሽ ነገርኳት።
«ታውቅ ነበር?»
«አላውቅም ነበር።»
«ዱቄቱን የሸጡትስ?»
«ፋብሪካዎቹ ቀድመው ያውቁ ነበር ነው የሚባለው።»
ይቅር በይኝ ልል ስል እጄን ያዘችኝ። «አንተ ይቅርታ ከጠየቅህ እነሱ በምን ይጠየቃሉ?»

ሜይ 17
መተኛት አልቻለችም። ቁጭ ብላ ነው የምታንቀላፋው። ሥራውን ተውኩ።

ኦገስት 30
ኤልፍነሽን ትናንት ቀበርን።
ቤቱ ለቀስተኛ ሞልቷል። አቶ ይገዙ ትከሻዬን ይዘው፣ «አይዞህ፣ የእግዜር ሥራ ነው» አሉኝ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ መልስ ሰጥቻቸው አላውቅም።
«የሰው ሥራ ነው» አልኩ። ጮክ ብዬ።
ትዕግስት ከሴቶቹ መሀል ተነስታ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች።
«ንገራቸው፣ አባዬ።»
ነገርኳቸው።