በቅቤ የታሹት እንቁራሪቶች

ይድረስ ለማከብርሽ እናቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ከመካከላችን ካለው አገር ሁሉ የሚረዝም ሰላምታዬ ይድረስሽ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? ክረምቱ አልበረታብሽም? የአባቴስ ሳል ተወው ወይ? እኔ አልሐምዱሊላህ ከደረቴ ሕመም ድኛለሁ። ያዳነኝ ግን በአብዱልመጂድ እጅ የላክሽልኝ ቅቤ አይደለም፤ አብዛኛውን አልበላሁትም። በስልክ «ቅቤሽ ደረቴን ፈታልኝ» ያልኩሽ ውሸት ነበር። ድምፅሽን እየሰማሁ እውነቱን ለመናገር ስላፈርኩ ነው የምጽፈው። ነጂባ፣ አንድም መስመር ሳታስቀሪ አንብቢላት።

ሱቄ በኮሮና ከተዘጋ ወዲህ ዱርንፎንቴን በሚባል ሰፈር ተቀጥሬ ከአጋዘን ጠጉር የዓሣ ማጥመጃ የውሸት እንቁራሪት እሠራለሁ። ጠጉሩን ቆንጥሬ መንጠቆ ላይ በክር ሳጠብቀው እንደ መጥረጊያ ጫፍ ይበተናል፤ ጠቅጥቄ በምላጭ እከረክመዋለሁ። ባስ የሚባለው ዓሣ ሕያው መስሎት ይውጠዋል። ጠጉሩ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ይንሳፈፋል፤ ውሃ እንዳይጠጣ ግን መድኃኒት ውስጥ ተነክሮ አንድ ቀን መድረቅ አለበት። የምትነክረው ሥራውን ያስተማረችኝ ሊንዲዌ ናት፤ እኩያሽ ትሆናለች።

በሐምሌ ከውጭ የሚመጣው መድኃኒት አለቀ። ሊንዲዌ እስኪመጣ እንጠብቅ ብላ ወደ ቤቷ ሄደች። እኔ ትእዛዙ እንዳይሰረዝ ፈርቼ፣ ምሳዬ ላይ ጥቂት ጥቂት ከማድረግ በቀር ያልነካሁትን ቅቤሽን አወጣሁ። ልጆች ሳለን አናታችንን ስትቀቢን ዝናቡ እየተንከባለለ ይወርድ የነበረው ትዝ ብሎኝ ነው። ስልሳ እንቁራሪት አሸሁ። ጠጉሩ ተጣብቆ፣ ሁሉም እንደ ድንጋይ ሰመጡ፤ ደንበኛውም መለሳቸው። አሠሪያችን ማን እንደነከረ ሲጠይቅ ሁሉም ወደ ሊንዲዌ ዞረ። እኔ ምላጬን አየሁ። እሷ «እኔ ነኝ» ብላ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

አሥር ቀን ሥራዬን ቀጠልኩ። ከዚያ ቴምቢሳ ከሚባለው ሰፈር ቤቷ ድረስ ሄጄ ገና ይቅርታ ልጠይቅ ስል ሳቀችብኝ። «እንቁራሪቶቹ እንደ ምሳህ ይሸቱ ነበር እኮ፤ አፍንጫ የለኝም መሰለህ? የመኖሪያ ወረቀትህ አልታደሰም፤ ቢያባርርህ የት ትገባለህ ብዬ ነው» አለችኝ። እማዬ፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግሥቱ ቅቤውን የቀባሁት እኔ መሆኔን ለአሠሪያችን ተናገርኩ። እሷን መለሳት፤ እኔን ከወንበሬ አንስቶ ጥሬ ጠጉር አጥቤ እንዳበጥር አደረገኝ። ሊንዲዌ «ምሳ መጣ» እያለች ታስቅብኛለች። እኔም እስቃለሁ፤ ፊቴ ግን ይቃጠላል።

አባቴን ጉልበቱን ሳሚልኝ። አብዱረዛቅ በሬዎቹን እንዴት እንደያዘ ይጻፍልኝ። ሀይፋን ጉንጯን፣ ነጂባንም ስላነበበችልሽ ግንባሯን ሳሚልኝ። ሰው ሲመጣ ቅቤ ከላክሽ በሊንዲዌ ስም ላኪ፤ ቆርቆሮውን ሳልከፍት አደርስላታለሁ።

ልጅሽ ሙዘሚል
ጆሃንስበርግ፣ ነሐሴ 14 ቀን 2013 ዓ.ም.