የቢጫዋ ዶሮ ፊርማ

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ፣ ረፋድ 4፡00

ማሽኑ ዛሬም ወረቀት ጎረሰ። ሦስተኛው። ደንበኛ ቆሞ እያየኝ በመቀስ ጫፍ ቆፍሬ አወጣሁት። እጄ በቀለም ጠቆረ። የመካነ ኢየሱስ ኑሮዬ ይኸው ነው ደብተሬ፤ ማመልከቻ፣ መታወቂያ፣ ፎ/ኮፒ፣ እንደገና ፎ/ኮፒ።

ግን ስማ! ሐጂ ሰይድ፣ የወገዳው ጨርቅ ነጋዴ፣ የንግድ ፈቃዳቸውን ኮፒ ሊያስነሱ ገቡ። ፊርማ የምሰበስብበት አልበሜ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ነበር። ዶሮዋ ላይ ጣታቸውን አሳርፈው፣ ይህችን የሚስሉት ሰው ጎረቤቴ ናቸው አሉ። ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ዶሮዋን ታውቃታለህ። ልጅ ሆኜ፣ ት/ቤት አዳራሽ ውስጥ፣ ያ ሁሉ ተማሪ አንዲት ቴሌቪዥን ፊት ተኮልኩለን ያየናት፤ ወንዝ መሻገር የፈራች ቢጫ ዶሮ። የአገር ሰው እጅ የሳላት፣ በአማርኛ የምትለፈልፍ! በሽታው የያዘኝ ከዚያ ወዲህ ነው። ያኔ ካርቱን የሠሩትን ሰዎች እያሰስሁ ፊርማቸውን፣ የእርሳስ ቁራጫቸውን፣ ብሩሻቸውን እሰበስባለሁ። አምስት ሰው አግኝቻለሁ። የዶሮዋን ሰው ግን የት ላግኛቸው? ያለኝ ዶሮዋ የተሳለችበት አንድ መስተዋት መሳይ ላስቲክ ብቻ፤ አዲስ አበባ ከአሮጌ ዕቃ ተራ የገዛሁት። ለእያንዳንዷ እንቅስቃሴ አንድ ላስቲክ ይስላሉ፣ ከተቀረጸ በኋላ አጥበው ደግመው ይስሉበታል። ሳይታጠብ የተረፈ ብርቅ ነው።

የሐጂ ጎረቤት ጋሽ አድማሱ ይባላሉ። ከልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። አንድ ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ሌላውም እየዳመነ ነው፤ ለገና ሰው መለየታቸውን እንጃ አሉ ሐጂ። ገና እኮ ደረሰ! ዓይን ከሄደ ፊርማም ሄደ።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ 9፡00

ሐጂ በሰጡኝ ቁጥር ደወልሁ። ልጃቸው ወ/ሮ ሙሉነሽ አነሣች። ስሜን ነገርኋት። አባትሽ ደብተር ላይ እንዲፈርሙልኝ ብቻ ነው የፈለግሁት አልሁ።  የምን ደብተር አለች። ካልተመቻቸውም ባዶ ወረቀት ላይ ይሆናል አልሁ። ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ሦስቴ ደወልሁ፤ አታነሣም።

ምን በደልሁ? ዓለም፣ ሚስቴ፣ የሰው ባል በግ ያደልባል የኔ ባል ፊርማ ያደልባል ብላ ሳቀችብኝ። ትሳቅ። ቁጭ ስል ብድግ፣ ብድግ ስል ቁጭ። ቅዳሜ እሄዳለሁ።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10፡00፣ ወገዳ

በአይሱዙ ጋቢና መጣሁ። አቧራ፣ ኮረኮንች። ወገቤ የኔ አይደለም። የገበያ ቀን ነው፤ በሰውና በአህያ መሐል ተገፍቼ ቤቱን አገኘሁት።

ሙሉነሽ በር ላይ። ከጎኗ ሁለት ሽማግሌ ጋቢያቸውን አጣፍተው። ለካ ይጠብቁኝ ኖሯል! ማን ላከህ አሉኝ። ማንም አልሁ። የአጎቴ ልጅ ነው የላከህ አለች። የትኛው አጎት? እኔ የማወራው ስለ ዶሮ! ዶሮ ስል ጭራሽ ባሰባት።

በኋላ ሐጂ ነገሩኝ። የአጎቷ ልጅ የጋሽ አድማሱን መሬት በስሙ ለማዞር ባዶ ወረቀት ይዞ ሁለት ጊዜ መጥቷል። እኔስ በስልክ ምን አልሁ? ደብተር ላይ ይፈርሙልኝ! እዚህ አገር ደብተር ሲባል የመሬት ደብተር ነው እንጂ የተማሪ ነው እንዴ? ወይ አፌ! ቀድሞ ባወቅሁ። የማላውቀውን ነገር በሳቅ ላልፍ ብዬ ሳቄ ጨርሶ ገደለኝ። ሙሉነሽማ «የአባየ ዓይን ቢደክም የኔ አልደከመም» ብላ በሩን ጠረቀመችው።

አሁን ሐጂ ሱቅ ውስጥ የጣቃ ክምር ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ሴትዮዋ አራስ ነብር ናት። ሽማግሌዎቹም ጋቢ የለበሰ ግንድ። አንድም ቃል አልሰሙኝ። ጋ/አድማሱን በበሩ ክፍተት አየኋቸው፤ መደብ ላይ ተቀምጠው ወደ ድምፃችን አንገታቸውን ዘንበል አድርገዋል። አምስት እርምጃ ቢሆን ነው! ፊርማውን ሳልይዝ አልመለስም።

ኅዳር 8፣ እሑድ፣ ከቀኑ 8፡00፣ ወገዳ

ጉድ ፈላ ደብተሬ። አንተም አለህበት።

ሐጂ ዋስ ሆኑኝ። ከቅዳሴ መልስ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ፈረዱ፦ ይፈርሙለት፤ ባዶ ወረቀት ላይ ግን በጭራሽ። ከላይ ምን እንደሚጨመርበት ማን ያውቃል? ጢም ብሎ በተጻፈ ገጽ ላይ ይሁን፤ እሱም በሰው ፊት ይነበብ። ለዚህ ቀን ያስቀመጥሁት ወፍራም ነጭ ካርድ ገደል ገባ። ጢም ብሎ የተጻፈ ነገር ከአንተ በቀር የለኝም። የትናንቱ ገጽ።

አንባቢ ሐጂ። መነጽራቸውን ሰክተው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። ከአቧራው ጀመሩ፣ ወገቤን አለፉ። ላብ አጠመቀኝ። አራስ ነብሯ ጋ ሲደርሱ ቀና ብለው አዩኝ። ይዝለሉት ብዬ በዓይኔ ለመንኋቸው። አማና ነው፣ አደራ አይጎድልም አሉና አነበቡት። ጋቢ የለበሰውን ግንድም አልማሩኝ።  ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

ቀድመው የሳቁት ጋ/አድማሱ ናቸው። ትክትክ ብለው እስኪያስላቸው። እናቷም እንዲሁ ነበረች አሉ። ሙሉነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እሷም ሳቀች። ሽማግሌዎቹ አልሳቁም፤ ጽሑፉ ግን መሬት አያዞርም ብለው ፈቀዱ።

እጃቸውን ይዛ ገጹ ላይ ያሳረፈችላቸው ራሷ ናት። ፈረሙ። ፊርማው ነብሯ ላይ ወደቀ።

ከዚያ ይዤው ከመጣሁት አልበም ላስቲኩን አውጥቼ ሰጠኋቸው። ወደ ዓይናቸው አላስጠጉትም። ገለበጡት፤ ቀለሙ የሚቀባው በጀርባው በኩል ነው። በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ክንፏ ሥር ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። መስመሩ የኔ ነው፣ ቢጫው የየሺ ነው አሉ።

የሺ ሚስታቸው ነበረች። እሳቸው ይስላሉ፣ እሷ ቀለም ትቀባለች። ስሟ የትም አልተጻፈም። ችኩል ስለነበረች ቀለሙ ሳይደርቅ ታነሣዋለች፣ እኔም እቆጣታለሁ አሉ። ክንፉ ሥር አውራ ጣቷ ታትሟል። ሸንተረሩ ሳይቀር። ስንት ዓመት ይዤው፣ በብርሃን እያየሁት፣ ጉድፍ ነው ብዬ ያለፍሁት! በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለእንደኔ ዓይነቱ ነው።

ሙሉነሽ ጡት ሳትጥል ነው የሺ የሞተችው። ፎቶዋም ከአዲስ አበባ ዕቃ ሲጓጓዝ ጠፍቷል። ሙሉነሽ እጇን ዘረጋች። የራሷን አውራ ጣት አሻራው ላይ አድርጋ ለካችው።  አልለመነችኝም። መልሳ አልበሙ ውስጥ ከታ ሰጠችኝ።

ተቀበልሁ። እግዜር ይስጥልኝ አልሁና ወጣሁ።

ኅዳር 9፣ ሰኞ፣ ከቀኑ 11፡00፣ መ/ኢየሱስ

የፈለግሁት ሁሉ አለኝ። ፊርማ። ላስቲክ። ያልጠበቅሁት አሻራ። ምሳ አልበላልህ አለኝ። ሱቅ ከፈትሁ፣ ዘጋሁ፣ ከፈትሁ። የአንዱን ሰውዬ መታወቂያ በሌላው ጀርባ ኮፒ አደረግሁና ተሰደብሁ። ዓለም ምን ሆነሃል አለች። መንገዱ ነው አልኋት።

መንገዱ አይደለም። ምነው ሙሉነሽ ብትለምነኝ ኖሮ! እምቢ ብዬ ተጣልቼ እገላገል ነበር።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ፣ ረፋድ 5፡00

ዘዴ አገኘሁ! ኮፒ! የማን ሥራ ሆነና? በከለር፣ በወፍራም ወረቀት አወጣሁት። ቢጫው ቢጫ፣ አሻራው አሻራ። ቁርጥ እሱን። ላሚኔት አድርጌ በሐጂ ለሙሉነሽ እልካለሁ። ደስ አለኝ፣ አፏጨሁ።

ከዚያ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ዓይኔን ጨፍኜ በአውራ ጣቴ ዳሰስሁት። ልሙጥ። ዶሮም የለ፣ የሺም የለች። ላስቲኩን ዳሰስሁ፤ ሸንተረሩ አለ። ጋ/አድማሱ ከገና በኋላ ልሙጥ ወረቀት ዳስሰው ሚስታቸውን የት ያገኟታል?

አልሰጥም። ገንዘቤን ከፍዬበታለሁ። ዶሮዋ የልጅነቴ ናት። የሷ እናት ከሆነች የኔስ ምኔ ናት? አልሰጥም አልሁ እኮ!

ኅዳር 11፣ ረቡዕ፣ ጠዋት 12፡30

መናኸሪያ። አይሱዙው እየጫነ ነው። ብርድ።

አልበሙ ቤት ቀርቷል። ላስቲኩን በሁለት ካርቶን መሐል አድርጌ ደረቴ ላይ ይዣለሁ። ዓለም ክር ስታስርልኝ አልሳቀችብኝም፤ ለመንገድ ቆሎ ሰጠችኝ። ሆዴ ይባባል፣ አልዋሽህም፤ ሁለቴ ከመኪናው ወርጄ ነበር። ኮፒው ለኔ ይቀራል። ለዓይናማ ኮፒ ይበቃዋል።

አንድ ነገር ግን አሳፈረኝ። የሺ ማን? የአባቷን ስም እንኳ አልጠየቅሁም። ስንት ዓመት ስም ስሰበስብ! ዛሬ ሙሉነሽን እጠይቃታለሁ፤ ከታች ከስሟ ቀጥሎ ባዶ በተውሁት ቦታ፣ እዚያው ቤት ቁጭ ብዬ እጽፈዋለሁ። ሽማግሌዎቹ ባዶ ቦታ አይወዱም፤ ይህችን ግን ይፈቅዱልኛል። ሾፌሩ ጥሩምባውን እየነፋ ነው። መጣሁ ይበሉት።

የሺ