ከሰሉ በቆመበት ከተማ ዘጠኝ ቤት

ለልጆቼ አባት፣

አሰላሙ አለይኩም። ጤናህን እንዴት ነህ? ረመዳን ላይ ስኳርህ አላስቸገረህም ወይ? ጾሙን ፍታ ብሎ የሚቆጣህ ሰው እንዳለ ብዬ ነው። ጉልበትህስ? የመሥሪያ ቤታችሁን ደረጃ እንደ በፊቱ እያረፍክ ነው የምትወጣው ወይስ ተሻለህ? ባለቤትህና ትንሹ ልጃችሁ ደህና ናቸው? የሆሳዕና ብርድ ለሕፃን ደረት አይሆንም፤ ጠዋት ጠዋት አልብሱት። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ቆላው ተስማምቶኛል፤ ወፍረሻል ይሉኛል።

በሰዒድ ሚኒባስ የላክኸው ደብዳቤ ሀቢቾ ከተማ ሁለት ቀን ተቀምጦ፣ ከዚያ በሞተር ወርዶ ረቡዕ ዕለት ደረሰኝ። መልሱን በስልክ ልነግርህ እችል ነበር። ስልክ ላይ ግን ታቋርጠኛለህ። ወረቀት እስኪጨርስ ይናገራል።

«በሞተ ከተማ ዘጠኝ ቤት የገዛች ተብለሽ የሆሳዕና መሳቂያ ሆነሻል። ለልጆችሽ ክብር ስትይ ያገኘሽውን ተቀብለሽ ሽጪና ውጪ» ብለሃል። እንዳልቆይብህ መልሴን እዚሁ ልጻፈው፦ አልሸጥም። አልወጣምም። የቀረውን ካልፈለግህ አታንብበው፤ እንደምታነበው ግን አውቃለሁ።

አንተ ካምፕ የምንላትን ይህችን ከተማ የምታውቃት አንድ ቀን በመሥሪያ ቤት መኪና ወርደህ፣ ድንኳን ውስጥ ለስላሳ ጠጥተህ የተመለስክ ዕለት ነው። ያኔ ከሰል የሚጭኑት መኪኖች ከጉድጓዱ እስከ ገበያው ይሰለፉ ነበር። እኔ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ከጃጁራ ገበያ ጨርቅ እየጫንኩ ሰባት ዓመት ተመላልሼባታለሁ። ቆፋሪዎቹ ደመወዝ የተቀበሉ ዕለት ለሚስቶቻቸው ሲገዙ ዋጋ አይከራከሩም ነበር። ከዚያ ጉድጓዱ ውሃ ሞላ። ኩባንያው ፓምፕ አመጣ፤ ፓምፑም አልቻለውም። በአንድ ክረምት ማሽኑን፣ ጄነሬተሩን፣ የምግብ ቤቱን ቆርቆሮ ሳይቀር ጭኖ ሄደ። ከአራት መቶ ቤተሰብ ስድሳ ቀረ። ቆርቆሮ የለበሰ ሦስት ክፍል ቤት በአንድ በሬ ዋጋ ይሸጥ ጀመር። ከዚያም በአንድ ጥጃ።

አሁን የማልክድህን ልንገርህ። በመጀመሪያ የገዛሁት ለጽድቅ አይደለም። ነጋዴ ነኝ። ዳኘ የሚሉት ደላላ «ሌላ ኩባንያ ሊመጣ ነው፤ ውሃውን የሚመጥ ማሽን ወደብ ላይ ደርሷል» አለኝ፤ አመንኩት። ዛሬ በጥጃ ገዝቼ ነገ በመኪና ዋጋ እሸጣለሁ ብዬ ቋመጥኩ። ከፍቺያችን የደረሰኝን በሙሉ አፈሰስኩት። ማሽን የሚባል አልመጣም። ዳኘም ስልኩን ዘጋ። በመጀመሪያው ክረምት ሁለቱን ቤት ምስጥ በልቶ ጣላቸው። ስለዚህ ተታለሽ ያልከው እውነት ነው፤ ትክክል ነህ። እዚህ ድረስ።

የመጀመሪያውን ቤት የሸጠችልኝ ፋንታዬ የምትባል ሴት ናት። ባሏ ቆፋሪ ነበር፤ ሥራው ሲቆም ወደ ወለጋ ወርቅ ፍለጋ ሄደና አልተመለሰም። ቁልፉን ስትሰጠኝ በሩን ሦስት ጊዜ ቆልፋ ሦስት ጊዜ ከፈተችው። «ትንሽ ከፍ አድርገሽ ካልገፋሽው አይዘጋም» ብላ አሳየችኝ። ከዚያ ሆሳዕና ልብስ ልታጥብ ሄደች። እኔ ያን ዕለት ደስ ብሎኝ ነበር። ርካሽ ገዛሁ ብዬ። ይህን የምጽፍልህ አንተ ብቻ ክፉ ነህ ብዬ እንደማላስብ እንድታውቅ ነው።

ከምስጡ በኋላ በቀሩት ሰባት ቤቶች መሀል ብቻዬን ተቀምጬ፣ ጨርቄን ማን ይገዛኛል እያልኩ ሳለሁ፣ በመስከረም አንድ እሑድ ከግቤ ዳር የመጣ ገበሬ በሬን አንኳኳ። ሁለት ሴት ልጆች አስከትሏል። ኩባንያው ይዞት መሄድ ያቃተው ነገር ቢኖር ትምህርት ቤቱ፣ ጥልቁ የውሃ ጉድጓድና የመብራት መስመሩ ነው፤ በዚህ ቆላ ሁሉ ሁለተኛ ደረጃ ያለው እዚህ ብቻ ነው። ልጆቹ ሦስት ሰዓት በእግር ተጉዘው መጥተው ሦስት ሰዓት ተጉዘው ይመለሱ ኖሯል። ታላቂቱ ባለፈው ክረምት ወንዝ ሲወስዳት ሰዎች በፀጉሯ ጎትተው ነው ያወጧት። ሰውየው «እናታቸው ወይ ይቅሩ ወይ ይዳሩ አለች። እኔ ሁለቱንም አልፈልግም። ብር የለኝም፤ በቆሎ አለኝ። ክፍል ታከራይኛለሽ?» አለኝ።

አከራየሁት። በሁለተኛው ሳምንት አምስት አባቶች መጡ። አንዱ ማሽላ፣ አንዱ ማንጎ ሊያመጣልኝ፣ አንዱ ሁለት ቀን ቆርቆሮዬን ሊመታልኝ ተስማማ። ዛሬ በሰባቱ ቤት ሠላሳ አንድ ሴት ልጆች አሉ። ግማሾቹ ይሰግዳሉ፣ ግማሾቹ ይዘምራሉ፤ የሚጣሉት ግን በውሃ ባልዲ ተራ ነው። ተማሪ አነሰ ተብሎ ሊዘጋ የነበረው ትምህርት ቤት ዘንድሮ ሁለት አስተማሪ ተጨመረለት። እነሱም ከእኔ ነው የተከራዩት።

ፋንታዬም ተመለሰች። ሆሳዕና ውስጥ እጇ በሳሙና ተበልቶ፣ የገዛ ቤቷን «በስንት ታከራይኛለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። ቁልፉን ሰጠኋት፤ ኪራይ አልጠየቅኋትም። ልጆቹን የምትጠብቀው፣ ሲታመሙ ጤና ኬላ የምትወስደው እሷ ናት። እኔን እንኳ ትቆጣኛለች።

በኅዳር የላክሃቸው ሽማግሌዎች ያልነገሩህን እኔ ልንገርህ። አቶ አሞጽና አቶ ኃይለኢየሱስ ያን ሁሉ ቁልቁለት ወርደው፣ አቧራ ለብሰው መጡ። ቆጮ በአይብና በጎመን አቀረብኩ። አቶ አሞጽ እጃቸውን ሳይታጠቡ ነገሩን ጀመሩ። «ልጄ፣ ሰው ገንዘቡን ቢቀብር ያወጣዋል፤ ራሱን አብሮ ሲቀብር ግን ዝም አይባልም» አሉኝ። እኔም «አቶ አሞጽ፣ ሆሳዕና ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስቀበር ስንት ጊዜ መጡ? እኔ ጃጁራ ገበያ ውዬ ስገባ በቤቴ ሌላ ሴት የተቀመጠች ዕለትስ ሽማግሌው ማን ነበር?» አልኳቸው። ጎንበስ ብለው ታጠቡና በሉ። ከዚያ በኋላ ያ ነገር አልተነሣም።

አቶ ኃይለኢየሱስ ግን አርባ ዓመት አስተማሪ ስለነበሩ ቤቶቹን ካላየሁ አሉ። አንዷ ልጅ የሒሳብ ጥያቄዋን ጥቁር በቀባነው ግድግዳ ላይ ጽፋ ተጨንቃለች። እሳቸው አዩ፣ አዩና ጠመኔውን ከእጇ ወሰዱ። አቶ አሞጽ «መሸብን እኮ» እያሉ ውጭ ሲቆሙ፣ እሳቸው አንድ ሰዓት ሙሉ አስተማሩ። ሲሰናበቱኝ «ለማስታረቅ ነበር የመጣሁት። እዚህ ግን የተጣላ ሰው አላየሁም» አሉኝ። ለአንተ ያሉህ ሌላ ከሆነ አላውቅም።

አሁን ወዳለፈው ወር ልምጣ።

ሰኞ ጠዋት ክሬን ያለው መኪና ወረደ። የቀበሌው ሊቀመንበር አቶ ወልደየሱስ ላባቸውን እየጠረጉ ከፊት ከፊት ይሄዳሉ። ትራንስፎርመሩን ሊነቅሉት ነው። መብራቱ ከሄደ የውሃው ፓምፕ ይቆማል፤ ውሃው ከቆመ ልጆቹ ወደ ወንዙ ይወርዳሉ፤ ወደ ወንዙ ከወረዱ አባቶቻቸው መጥተው ይወስዷቸዋል። ይህን ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም፤ ያሰብኩት በኋላ ነው። ያኔ ያደረግሁት ሱቄ ገብቼ አንድ ጥቅል አቡጀዲ አውጥቼ፣ ከፋንታዬ ጋር መንገዱን ከዳር እስከ ዳር መወጠር ነው። አንዱን ጫፍ ከአጥር፣ ሌላውን ከስልክ እንጨት አሰርነው። ሴቶቹ አንድ በአንድ መጥተው ከኋላው ቆሙ። ከትምህርት ቤት ልጆቹም ወጡ፤ ዳይሬክተሩ ግቡ አላላቸውም።

የሠራተኞቹ ኃላፊ ወርዶ ጨርቁን በጣቱ ነካው። «እናቴ፣ ይሄ መኪና ያቆማል?» አለኝ።

«መኪና አያቆምም» አልኩት። «ሰው ግን ያቆማል። ሰው ከሆንክ ቁም።»

ሾፌሩ ሳቀ። ኃላፊው ግን አልሳቀም። ወረቀቱን አሳየኝ አልኩት፤ ሰጠኝ። «ነዋሪው አካባቢውን ሙሉ በሙሉ የለቀቀ በመሆኑ» ይላል። ጮክ ብዬ አነበብኩት። ፋንታዬ «እንግዲያው እኛ ማን ነን? ጅብ ነን?» ስትል ሴቱ ሁሉ ሳቀ፤ ኃላፊውም ፈገግ አለ። «ቁጠረን» አልኩት። ስድስት ሰዓት ድረስ በጠራራ ፀሐይ ቆምን። ውሃ አጠጣናቸው። በመጨረሻ «ባዶ ቦታ ነው ተብዬ ነው የመጣሁት፤ ባዶ አይደለም ብዬ እጽፋለሁ» ብሎ መኪናውን አዞረ። እስከ ዛሬ አልተመለሱም።

ከመሄዱ በፊት፣ ይህ ትራንስፎርመር ወዴት ሊሄድ ነበር ብዬ ጠየቅኩት። ሰውየው የሚደብቀው ነገር የለውም፤ ሆሳዕና መውጫ ላይ አዲስ ለተከፈተ የእንጨት ሥራ ቤት ነው አለኝ። በሆሳዕና መውጫ ስንት የእንጨት ሥራ ቤት እንዳለ አላውቅም። የአንዱን ምረቃ ፎቶ ግን ልጃችን ፈቲያ በስልክ ልካልኝ ነበር፤ በሬ ታርዶ፣ ሪባን ተቆርጦ። ሙሉ ልብስህ አምሮብሃል።

ከወረቀቱ ግርጌ ያለውን ፊርማ አቶ ወልደየሱስ ጎንበስ ብለው አዩትና «የማን ይሆን?» አሉኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያየሁትን ፊርማ አልተነበበልኝም አልኳቸው። ኮፒውን ለመንኩና ተወልኝ። አጥፌ ከፍቺ ወረቀታችን ጋር አስቀምጬዋለሁ። ለማንም አላሳየሁም። ፈቲያም አታውቅም። አባቷን ትወዳለች፤ ትውደድህ።

ሽጪና ውጪ ያልከኝ ደብዳቤ የተጻፈበትን ቀንም አየሁት። መኪናው ከተመለሰ በሦስተኛው ቀን ነው። ስለ ክብሬ ያሰብክበት ጊዜ ገረመኝ።

እንግዲህ ልጨርስ። ከተማዋ ሞታለች የሚለውን ወሬ ሆሳዕና ላይ እንደፈለጋችሁ አውሩት፤ ወሬው ቤቱን ርካሽ ያደርግልኛል። ባለፈው ሳምንት አሥረኛውን ገዛሁ። የኩባንያው መጋዘን ነበር፤ ስፋቱ ፈረስ ያስጋልባል። ከመጪው መስከረም ጀምሮ ወንዶቹም ማደሪያ ይፈልጋሉ ብለውኛል አባቶቹ። አስፋልት ይመጣል ይላሉ፤ አይመጣም ይላሉ። ቢመጣም ባይመጣም እኔ አለሁ።

አንድ ቀን መምጣት ካሰኘህ መንገዱ ክፍት ነው፤ አቡጀዲውን አንስተነዋል። እንግዳ ሦስት ቀን የአላህ እንግዳ ነው፤ ሦስቱን ቀን ንጹሕ አልጋ፣ የሞቀ ምግብ አዘጋጅልሃለሁ፤ ክፉ ቃልም አትሰማም። ከአራተኛው ቀን ጀምሮ ግን እንደ ማንኛውም ሰው በቆሎ ይዘህ ትመጣለህ።

አላህ ጤናህን ይመልስልህ፤ ስኳርህን ያስታግስልህ። ትንሹን ልጅ ያሳድግላችሁ፤ ከእውነት ጋር ያሳድገው። ለእናትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ እሳቸው ምንም አልበደሉኝም። እጃችሁ የሚነካውን ሁሉ ሐላል ያድርግላችሁ።

የልጆችህ እናት
ከካምፕ