በካርዱ ላይ ያለው ከተማ

ላሊበላ፣ ሰኔ 1995 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ አዳም፣

ይህን ደብዳቤ የምልክበት አድራሻ የለህም። ለእማ እውነቱን ነግሬያታለሁ፤ ለአንተ ሳልናዘዝ መቅረት ግን አልቻልኩም።

መስቀል ስትሸጥ ለቱሪስቱ ሁሉ አድራሻህን እየሰጠህ፣ ከአያቶቻቸው ሣጥን አሮጌ ፖስት ካርድ ካገኙ እንዲልኩልህ ትለምን ነበር። ላኩልህም። ባለ ጉልላት ካቴድራል፣ ቤተ መንግሥት፣ ባለ ዓምድ የባቡር ጣቢያ። አብልጠህ የምትወደው በጦርነት ጊዜ የተጻፈባቸውን ነበር። ጣሊያንኛ የሚያውቀው አስጎብኚው ሰሎሞን ያነብልህ ነበር። አንዱ ወታደር ለእናቱ ምግቡ ጥሩ እንደሆነ፣ ብርዱም እንዳልጎዳው ጽፏል። ሰሎሞን ቀኑን አይቶ፣ በዚያ ወር እንኳን ምግብ የሚጠጣ ውሃም አልነበራቸውም ሲልህ ካርዱን ተቀብለህ ወጣህ። በኋላ "ደግ ውሸት ነው" አልከኝ።

በ1991 ስትዘምት ለእማ ሥራ ፍለጋ ነው ብለሃት፣ ያልተጻፈባቸውን ካርዶች ይዘህ ሄድክ። ከግንባር የመጣው የመጀመሪያው፣ "ለእማ በሥዕሉ ላይ ያለው ከተማ ውስጥ ነው በያት" ይላል። አልኳት። ፊደል ስለማታውቅ ጉልላቱን በጣቷ እየዳሰሰች፣ እዚህ ቤት ነው ወይ የሚያድረው አለችኝ። ዘበኛው ነው አልኳት። ከዚያ ወዲህ ገነተ ማርያም ለዝክር ስትሄድ ልጇ የትልቅ ሕንፃ ዘበኛ መሆኑን ስታወራ ትውል ነበር። የሌላው ልጅ ዘመተ ሲባል ታዝን ነበር፤ ለአንተ ግን አትሰጋም ነበር። እንቅልፏን ሳይ ደግ የሠራሁ መሰለኝ።

በ1992 መጋቢት ላይ ክንዱን ቆስሎ የተመለሰ አንድ የኮን ከተማ ወታደር ካርድህን በእጄ ሰጠኝ። ሥዕሉ የባቡር ጣቢያው ነው። የጻፍከውን በቃሌ ይዤዋለሁ፦ "እድሌ፣ እግሬን ተመትቼ መቀሌ ሐኪም ቤት ተኝቻለሁ። ስድን ወደ ግንባር ይመልሱኛል። በዚህ ወር እማን ይዘሽልኝ ነይ። አሁን እውነቱን ንገሪያት።"

አልነገርኳትም። ያን ሰሞን ታማ ነበር እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ፤ ጉንፋን ነበር። ዓመት ሙሉ የዋሸኋትን፣ ዓይኗን እያየሁ ማፍረስ አቃተኝ። ድኖ ይመጣል፣ ራሱ ይነግራታል አልኩ። ለአንተም መልስ አልጻፍኩም። ካርድህ ሲቀርም ለእማ እዚያው ከተማ ነው ማለቴን ቀጠልኩ።

ባለፈው ወር መርዶህ መጣ። የቀበሌ ሰዎችና ቄስ ሀብተ ሥላሴ በማለዳ ገቡ። እማ አላመነቻቸውም።

"የእኔ ልጅ ጦርነት የሌለበት ከተማ ነው ያለው። ንገሪያቸው እንጂ እድላዊት" አለች።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

ከሰልስትህ በኋላ ካርዶቹን አውጥቼ እንደተጻፉ አነበብኩላት። የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ።

"ስንት ቀን ጠበቀኝ?"

አላውቅም አልኳት።

"በእግሬም ቢሆን እሄድ ነበር" አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሃ እንኳ ከእጄ አትቀበልም።

ትናንት ግን ጠራችኝና የተኛበትን አልጋ አሳዪኝ አለችኝ። ሦስት ዓመት አልፎታል፤ አልጋህን የሚያስታውስ ሰው ላናገኝ እንችላለን። ይህን አልደበቅኋትም።

"የገባበት በር ይኖራል" አለች።

ነገ ጠዋት በወልድያ አድርገን ወደ መቀሌ እንነሳለን። መንገዱን ሁሉ አንድ ቃል ላታናግረኝ ትችላለች፤ አጠገቧ እቀመጣለሁ።

እያመጣሁልህ ነው፣ አዳምዬ።

የዘገየችው እህትህ፣
እድላዊት