ነፋስ የራቀው ባሕር

ይድረስ ለማከብርዎ አባቴ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጉልበትዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ? እናቴ ሳሏ ለቀቃት ወይስ አሁንም «ምንም አልሆንኩም» እያለች ታስላለች? ታላቅ ወንድሜ፣ ሚስቱና ልጆቹ እንዴት ከረሙ? እኔ፣ ባለቤቴና ትንሿ የልጅ ልጅዎ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብን ነገር የለም፤ ሁላችንም ደህና ነን።

ባለፈው «ቆላ ወርደሽ፣ ያውም ባሕር አጠገብ፣ በረደኝ ማለትሽ ምን የሚሉት ነው?» ብለው ስቀውብኛል። አይፈረድብዎትም፤ እኔም ስመጣ የያዝኩት ስስ ልብስ ብቻ ነበር። ነገሩን ያስረዳችኝ ፊት ለፊታችን ካለው ፎቅ የምትኖር የአየር ትንበያ ሠራተኛ ናት። ሰፈርተኛው «ወይዘሮ ደመና» ይላታል። ትኩስ ወተት እፍ ሲሉት ስልባቦቱ ወደ ዳር እንደሚሸሸው ሁሉ፣ እዚህም ነፋሱ ፀሐይ ያሞቀችውን የላይኛውን ውሃ እየገፋ ከዳርቻው ያርቀዋል። በምትኩ ከጥልቁ ቀዝቃዛ ውሃ ይወጣል። እሱ ደግሞ ከላዩ ያለውን አየር ስለሚያቀዘቅዘው ጠዋት ጠዋት ጉም ይሸፍነናል እንጂ ዝናብ እምብዛም አናይም። ቀዝቃዛው ውሃ ሲወጣ ለዓሣው ቀለብ ይዞለት ስለሚመጣ፣ ዓሣው ከብርዱ አይለይም። እንግዲህ ማሸጊያ ፋብሪካው ውስጥ የሰርዲን ጭንቅላት እየቆረጥኩ የማድረው በብርዱ ቸርነት ነው ማለት ነው።

አምና ግን ነፋሱ ደከመ። መጀመሪያ ደስ አለን፤ ሹራባችንን አወለቅን፣ ልጆቹም ባሕሩ ውስጥ ሲንቦጫረቁ ይውሉ ጀመር። ሰንበት ሲል ጀልባዎቹ ባዶ መረብ ይዘው መመለስ አበዙ። ፋብሪካው «እስክንጠራችሁ ቤታችሁ ቆዩ» አለን። ባለቤቴ የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ነው፤ ጀልባ ካልወጣ ደግሞ ሞተር አይበላሽም። «ወደ ሌላ ከተማ እንሂድ» እያለ ይነዘንዘኝ ያዘ። በዚያው ሰሞን የእናንተ ክረምት እንደከዳችሁ፣ ቡቃያውም ማሳ ላይ ደርቆ እንደቀረ ሰማሁ። ለወይዘሮ ደመና ባጫውታት «የእኛ ባሕር ሲሞቅ ብዙ ጊዜ የአባትሽ ሰማይ ይደርቃል፤ ነፋስ ድንበር አያውቅም» አለችኝ። እኔ የምኖርበት ባሕርና እርስዎ የሚያንጋጥጡበት ሰማይ ዘመዳሞች መሆናቸውን ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። የሞቀው ባሕር እንደተጣደ ድስት ሲተን ከርሞ ኖሮ፣ የተነነው ሁሉ ደመና ሆኖ ራሳችን ላይ ወረደ። የዚህ አገር የድሮ ቤት ጣሪያው ጠፍጣፋ ጭቃ ነው፤ ውሃው የሚወርድበት ተዳፋት የለውም። ጭቃ ውሃ ሲጠጣ ምን እንደሚሆን የእርስዎ ልጅ ሆኜ እንዴት ይጠፋኛል? አከራያችን፣ ወገባቸው ላይ በሚንጠለጠለው ቁልፍ ብዛት «እሜቴ ቁልፍ» የምንላቸው አሮጊት፣ ግቢው ጥግ ካለችው ክፍላቸው አልወጣም አሉ። «ይህ ቤት እኔ ሳልወለድ የቆመ ነው» አሉኝ። «እሜቴ፣ እስካሁን የቆመውኮ እንዲህ ያለ ዝናብ ስላልመጣበት ነው» ብላቸው ተቆጡኝ። ግድግዳው ከዳገቱ በሚወርደው ጎርፍ ረጥቦ ከስሩ ማበጥ ሲጀምር ባለቤቴ ፈቃድ መጠየቁን ትቶ አዘላቸው። እሳቸው በቁልፋቸው ትከሻውን እየደበደቡ፣ እሱ «ይምቱኝ፣ ብቻ ይያዙኝ» እያለ ደጃፉን እንዳለፉ ጣሪያው አልጋቸው ላይ ተደረመሰ። እሜቴ አቧራውን አይተው መማታቱን ተዉ። ባለቤቴን አንገቱን አቅፈው ብዙ አለቀሱ።

በማግስቱ ጎረቤቶቼን ሰበሰብኩና ከግቢው በላይ የጎርፍ ማስቀየሻ ቦይ እንቆፍር አልኩ፤ እርስዎ ከጓሯችን በላይ በየዓመቱ እንደሚያወጡት ያለ። ዶማ ጨብጠው የማያውቁ መረብ ጎታቾች እጃቸው እስኪላጥ ቆፈሩ። እሜቴም በርጩማ ላይ ተቀምጠው «እዚያ ጋ ጠልቋል፣ እዚህ ጋ ጠሟል» እያሉ ያዝዙን ነበር። ቀጣዩ ጎርፍ በቦዩ ሄደልን፤ የቀሩት ክፍሎችም ተረፉ። ባለቤቴ ከዚያ ወዲህ የመሄድን ነገር አንስቶ አያውቅም።

አሁን ነፋሱ ተመልሷል። መስኮት ስከፍት ፊቴን እንደ ምላጭ ይልጠኛል፤ ባለቤቴ «ዝጊው» ይላል፣ እኔ እምቢ እላለሁ። ጀልባዎቹ ሞልተው እየገቡ ነው፣ ፋብሪካውም ጠርቶናል። የልጅ ልጅዎ ብቻ «ዓሣ ዓሣ ትሸቻለሽ» እያለች አልሳምም ብላኛለች።

አባቴ፣ ወንድሜ በሬዎቹን ሸጠን ከተማ እንግባ ማለቱን ሰምቻለሁ። ወይዘሮ ደመናን ደግሜ ደጋግሜ ጠየቅኳት። «ባሕሩ ቀዝቅዟል፤ ለአባትሽ ክረምት ምልክቱ ደግ ነው። ዋስ ግን አልሆንም፤ ሰማይ ሌላም ብዙ ጌታ አለው» አለችኝ። የሷን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ነግሬዎታለሁ። እኔን ከጠየቁኝ ግን በሬዎቹ ይቆዩ፣ ዘሩም ይሰናዳ።

እናቴን ጉንጯን፣ ዓይኗን፣ እጇን ይሳሙልኝ። ወንድሜን «እህትህ አዛዥ ሆናለች ብለህ አትቀየም» ይበሉልኝ። ለሚስቱ ናፍቆቴን፣ ለልጆቹ የአክስታቸውን እቅፍ ያድርሱልኝ። ባለቤቴ ጉልበትዎን ይስማል። እሜቴ ቁልፍም ይህን ስጽፍ አጠገቤ ሆነው «ቦይ ያስተማረሽን አባትሽን ሳሚልኝ» አሉኝ። «በወረቀት እንዴት ይሳማል?» ብላቸው፣ ወረቀቱን ከእጄ ወስደው እሳቸው ራሳቸው ሳሙት።

ልጅዎ
ከወደቡ ሰፈር፣ ግንቦት ፳፪ ቀን